ውሃ የአውራጃ ድንበር አያውቅም፤ ስለ ነብራስካው እንደራሴ ስለ ሞሪስ ክሬመር የውሃ ሕግ

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ስለ ዳኝነት የተነገረ ነው፤ ነገር ግን ስለ ውሃ አስተዳደር ቢነገርም ልክ ነው። ይኸውም የውሃን ነገር የሚያይ ሹም ነገሩን ከምንጩ ካልጀመረ፥ ከታች ሆኖ የሚሰጠው ፍርድ ሁሉ ጐደሎ ስለሚሆን ነው። ወንዝ ከአንድ ሹም ግዛት ተነሥቶ በሌላው ሹም ግዛት ያልፋል፤ የከርሠ ምድር ውሃም ከአንዱ ገበሬ ማሳ ሥር ወደ ሌላው ማሳ ሥር በዝግታ ይሄዳል። ሹማምንት ግን ወሰናቸውን የሚያውቁት በወረቀት ላይ በተሠመረ መስመር ነው። በዚህም ምክንያት ውሃው አንድ ሆኖ ሳለ አዛዡ ብዙ ይሆናል፤ አዛዡም ሲበዛ ጠባቂ ይጠፋል።

ይህን ነገር በግልጽ የሚያስረዳ ሥራ በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ውስጥ ነብራስካ በተባለችው ግዛት ተሠርቷል። ለሥራውም ዋና አንቀሳቃሽ የነበሩት ሚስተር ሞሪስ ክሬመር የተባሉ የግዛቲቱ ምክር ቤት እንደራሴ ናቸው። እኚህ ሰው ከአውሮራ ከተማ የተመረጡ ገበሬ ሲሆኑ፥ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓመታት በምክር ቤቱ ውስጥ ስለ ውሃ እጅግ የደከሙ ስለ ሆኑ የአገራቸው ሰዎች «ሚስተር ውሃ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው። ነገሩ የሩቅ አገር ነገር ቢሆንም፥ ወረዳ ለሚያስተዳድር ሰው የቅርብ ነገር ነው፤ ስለዚህ ምን እንዳሰቡ፥ ምን እንደ ተሳካላቸውና ምን እንደ ቀረ ማየት ይጠቅማል።

አስቀድሞ እንደራሴው የተናገሩበትን ሸንጎ ማወቅ ያስፈልጋል። በሌሎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ሕግ የሚወጣው በሁለት ምክር ቤቶች ስምምነት ነው። የነብራስካ ሕዝብ ግን ጆርጅ ኖሪስ በተባሉት ሽማግሌ ፖለቲከኛ አሳሳቢነት በ1934 ዓ.ም. ድምፅ ሰጥቶ ሁለቱን ወደ አንድ አደረጋቸው፤ አንዱም ምክር ቤት ከ1937 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራል። ዛሬ 49 እንደራሴዎች አሉት፤ ለምርጫ ሲቀርቡም የወገን ስም በምርጫ ወረቀቱ ላይ አይጻፍም። ከዚህም በላይ የቀረበው የሕግ ረቂቅ ሁሉ ሕዝብ በግልጽ መጥቶ ድጋፉንም ተቃውሞውንም በሚናገርበት ጉባኤ ፊት ሳይታይ አያልፍም። ስለዚህ በዚያ ምክር ቤት ስለ ውሃ የሚናገር እንደራሴ፥ ውሃውን የሚጠጣውና የሚያጠጣው ገበሬ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይሰማዋል፤ ተነሥቶም ይመልስለታል።

የአገሩም ጠባይ እንዲህ ነው። ነብራስካ ከምሥራቁ ይልቅ በምዕራቡ ዝናብ የሚያንሳት ሜዳማ አገር ናት። በ1930ዎቹ ዓመታት ድርቅና ነፋስ የታረሰውን አፈር እያነሣ በብዙ የአሜሪካ ሜዳ ላይ በተነ። በዚያው ዘመን፥ በ1935 ዓ.ም.፥ ሪፐብሊካን የሚባለው የደቡብ ወንዝ በድንገት ሞልቶ ከ100 በላይ ሰዎችን ገደለ። አንድ አገር በአንድ ዘመን በውሃ ማነስም በውሃ ብዛትም መከራ አየ ማለት ነው። ነገር ግን ከመሬቱ በታች ትልቅ ሀብት ነበር፤ ይኸውም ስምንት ግዛቶችን የሚያካልል፥ በአሸዋና በጠጠር መካከል የተከማቸ ውሃ ነው፤ የዚህም ዋና ክፍል ኦጋላላ ተብሎ ይጠራል።

የሞተር ኀይል እስኪስፋፋ ድረስ ይህ ሀብት በአብዛኛው እንደ ተከደነ ኖረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ጥልቅ ጕድጓድ መቈፈርና ውሃን በሞተር መሳብ ቀላል ሆነ። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ ፍራንክ ዛይባክ የተባለ ገበሬ በመንኰራኵር እየዞረ እርሻን እንደ ዝናብ የሚያርስ ረዥም ቱቦ ፈልስፎ የባለቤትነት መብት ተቀበለበት። ከዚያ ወዲህ ወጣ ገባ የሆነውም መሬት ሳይቀር ውሃ ማግኘት ቻለ፤ የበቆሎውም ምርት ተትረፈረፈ። በ2007 ዓ.ም. በተደረገው የእርሻ ቈጠራ ነብራስካ 8 ሚሊዮን ተኩል የሚያህል ኤክር፥ ማለት ከ3 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት በመስኖ የምታለማ ሆና ካሊፎርኒያን በልጣ ተገኘች።

እንግዲህ እያንዳንዱ ገበሬ በገዛ መሬቱ ላይ በገዛ ገንዘቡ ጕድጓድ ሲቈፍር ማን ይከለክለዋል? ጐረቤቱም ጕድጓዱ ሲጐድልበት አቤት የሚለው ለማን ነው? ይህ ጠብ አዲስ አይደለም፤ ይስሐቅ በጌራራ ሸለቆ ጕድጓድ ባስቈፈረ ጊዜ የአገሩ እረኞች እንደ ተጣሉት በኦሪት የታወቀ ነው። ይስሐቅ ግን ጠቡን ትቶ ወደ ሌላ ሥፍራ ሄዶ ሰፊ ቦታ አገኘ። የዛሬ ገበሬ ግን ትቶት የሚሄድበት ባዶ ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ሕግ ያስፈልገዋል። ነብራስካ ከሁሉ አስቀድማ በ1957 ዓ.ም. የመስኖ ጕድጓዶች ሁሉ እንዲመዘገቡ አዘዘች፤ ይህም መልካም ጅምር ነበር፤ ያልተቈጠረ ነገር አይጠበቅምና።

መዝገብ ብቻውን ግን አስተዳደር አይሆንም። በ1960ዎቹ ዓመታት ሚስተር ክሬመርና የግዛቲቱ የአፈርና የውሃ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሰዎች ነገሩን ሲመረምሩ ያገኙት ችግር የጠባቂ ማነስ ሳይሆን የጠባቂ መብዛት ነበር። አፈር የሚጠብቅ ማኅበር በአንድ በኩል፥ ጐርፍ የሚከላከል ማኅበር በሌላ በኩል፥ የተፋሰስ ዕቅድ የሚያወጣው ደግሞ በሌላ በኩል ቆሞ ነበር። አንዱ የሌላውን ወሰን ይረግጣል፤ የአንዱ ገንዘብ ለግማሽ ሥራ እንኳ አይበቃም፤ ብዙዎቹም የተሠመሩት በ93ቱ አውራጃዎች ድንበር እንጂ በውሃው መሄጃ አልነበረም። እንደዚህ ያሉት ማኅበራት ሲቈጠሩ 154 ሆነው ተገኙ።

በዚህ ጊዜ ሚስተር ክሬመር ለምክር ቤቱ ያቀረቡት ረቂቅ ቍጥር 1357 ሲሆን፥ መሠረቱ ሦስት ነገር ነው። አንደኛው፥ የወሰን ነገር ነው። የአፈርና የውሃ አስተዳደር ወሰን በተቻለ መጠን የወንዞቹን ተፋሰስ ተከትሎ ይሠመር፤ ማለት ዝናቡ ወደ አንድ ወንዝ የሚወርድበት አገር ሁሉ በአንድ አስተዳደር ይሁን የሚል ነው። ይህ ነገር ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ለብዙ ዘመን በአውራጃ ድንበር ለለመደ ሹም ቤቱን አፍርሶ እንደገና እንደ መሥራት ያለ ነው። ከላይ ያለው ገበሬ ተራራውን ሲያራቍት ከታች ያለው ገበሬ ማሳውን ጐርፍ የሚወስድበት ከሆነ፥ ሁለቱ በአንድ ጉባኤ ካልተቀመጡ ከላይ ያለው ጥፋቱን አያይም፤ ከታች ያለውም ካሳ የሚጠይቀው የለም።

ሁለተኛው፥ የሥልጣንና የገንዘብ ነገር ነው። እያንዳንዱ የተፈጥሮ ሀብት ወረዳ በሩቅ ከተማ በተሾመ ሰው ሳይሆን በዚያው አገር ሕዝብ በሚመረጥ ጉባኤ ይተዳደር፤ ጉባኤውም ከባለ ንብረቱ ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን ይኑረው ይላል። ሥልጣን ያለ ገንዘብ ባዶ ቃል ነው፤ ገንዘብም ከሩቅ ብቻ ሲመጣ ተቀባዩ ለሰጪው እንጂ ለአገሩ ሰው አይገዛም። ገበሬው ግብሩን ራሱ ሲከፍል ግን ግድቡ በትክክል መሠራቱን ይጠይቃል፤ የመረጠውንም ሰው ይቈጣጠራል።

ሦስተኛው፥ ሥራን የመሰብሰብ ነገር ነው። አፈርና ውሃ፥ ጐርፍና ድርቅ፥ ደንና የዱር አውሬ አንዱ ከሌላው የማይለይ ሲሆን ጠባቂዎቻቸው ግን ተለያይተው ነበር። ስለዚህ ሕጉ የአፈርን መሸርሸር ከመከላከል ጀምሮ ጐርፍን፥ የከርሠ ምድርን ውሃ፥ የውሃን ንጽሕና፥ ደንንና የዱር እንስሳን እስከ መጠበቅ ድረስ 12 ዐይነት ተግባር ለአንድ ጉባኤ ሰጠ። አስተዳደሩ አንድ ሲሆን አንድ መዝገብ፥ አንድ ሠራተኛና አንድ ዕቅድ ይበቃዋል፤ ሕዝቡም ቢበደል በማን ደጅ እንደሚቆም ያውቃል።

ተቃውሞ አልታጣም፤ ተቃዋሚዎቹንም ሁሉ ወንበራቸውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው ብሎ ማለፍ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ከ154ቱ ማኅበራት ብዙዎቹ ለዓመታት በትጋት የሠሩ፥ የጎረቤታቸውን እርሻ በእግራቸው የሚያውቁ ሰዎች የሚመሯቸው ነበሩ። እነዚህ ሰዎች «ሰፊ ወረዳ ሲመጣ ትንሹ መንደር ይረሳል፤ አዲስ ግብርም ይጫንብናል» ቢሉ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ትልቅ ሲሆን ከሰው የሚርቅ አስተዳደር በየትኛውም አገር ታይቷልና። የሚስተር ክሬመር ሕግ ለዚህ ስጋት የሰጠው መልስ መካከለኛ መንገድ ነው፤ ይኸውም የግዛቲቱ መንግሥት ሁሉን ከዋና ከተማው እንዳይገዛ ሥልጣኑን በታች መተው፥ ነገር ግን በታች ያለው ሥልጣን ሥራ ለመሥራት የሚበቃ ስፋትና ገንዘብ እንዲኖረው ማድረግ ነው።

ረቂቁ በ1969 ዓ.ም. ሕግ ሆኖ ጸደቀ። ወሰን ለመሥመርና ማኅበራቱን ለማዋሐድ ጊዜ ተሰጥቶ፥ ከሐምሌ 1 ቀን 1972 ዓ.ም. ጀምሮ በ154ቱ ፋንታ 24 የተፈጥሮ ሀብት ወረዳዎች ሥራ ጀመሩ። የተቃወሙትም ወገኖች ነገሩን እስከ ግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሱት፤ ፍርድ ቤቱ ግን በ1974 ዓ.ም. ሕጉን አጸናው። በ1989 ዓ.ም. ሁለቱ ወረዳዎች ተዋሕደው ስለ ነበር ዛሬ ቍጥራቸው 23 ነው። ከሕጉ መጽደቅ እስከ ሥራው መጀመር ድረስ ሦስት ዓመት ማለፉን ማስተዋል ይገባል፤ ወሰን የሚለውጥ ሕግ በችኮላ ቢፈጸም ሕዝብን ከማደናገር በቀር ሌላ ፍሬ አይኖረውም ነበር።

ነገር ግን የሥልጣን ስም ብቻውን ውሃ አያድንም። ወረዳዎቹ በእውነት የሚፈተኑት ገበሬውን «ከዚህ በላይ አትቅዳ» ማለት ባለባቸው ቀን ነበር። በ1975 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ስለ ከርሠ ምድር ውሃ አስተዳደር ሌላ ሕግ አውጥቶ ወረዳዎቹ ውሃ በሚያንስበት ቦታ የሚቀዳውን ውሃ እንዲገድቡ መንገድ ከፈተላቸው። ከሁሉ አስቀድሞ በዚህ ሥልጣን የሠራው በግዛቲቱ ደቡብ ምዕራብ ማዕዘን ያለው የላይኛው ሪፐብሊካን ወረዳ ነው። በዚያ አገር ዝናብ ጥቂት፥ ጕድጓድ ብዙ ስለ ነበር የውሃው ልክ ከዓመት ወደ ዓመት ይወርድ ነበር። ጉባኤው ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በየጕድጓዱ ላይ የውሃ መቍጠሪያ እንዲገባ አዘዘ፤ ለእያንዳንዱም ማሳ የውሃ ድርሻ ወሰነ። ድርሻው የሚለካው ውሃው በማሳው ሁሉ ላይ ቢንጣለል በሚኖረው ጥልቀት ነው፤ በመጀመሪያ ለአንድ ዓመት 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ የነበረው እየተቀነሰ ወደ 33 ሳንቲ ሜትር ደረሰ። ድርሻውም ለብዙ ዓመት ተደምሮ ስለሚሰጥ ገበሬው በዝናብ ዓመት ያተረፈውን በድርቅ ዓመት ይጠቀምበታል።

ይህን ትእዛዝ የሰጡት ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ መመልከት ይገባል። ከሩቅ የመጡ መርማሪዎች አይደሉም፤ ከጉባኤው አባላት ብዙዎቹ ራሳቸው ጕድጓድ ያላቸው፥ መቍጠሪያውም በገዛ ቱቦአቸው ላይ የሚገባ ገበሬዎች ነበሩ። ጐረቤቱን የሚከለክል ሰው ራሱን አስቀድሞ ሲከለክል ትእዛዙ ይከበራል። ይህ ዐይነት ትእዛዝ ከዋና ከተማው ቢወርድ ኖሮ ገበሬው መቍጠሪያውን ለመስበር ሰበብ አያጣም ነበር።

የሥራው ፍሬ ምን ያህል ነው? መንግሥታዊው የመሬት ጥናት መሥሪያ ቤት እስከ 2015 ዓ.ም. ያለውን መርምሮ እንደ ገለጸው፥ ከስምንቱ ግዛቶች በታች ያለው ውሃ ሰፊ መስኖ ከተጀመረ ወዲህ በአማካይ ወደ 5 ሜትር ገደማ ወርዷል፤ በቴክሳስ ግን ወደ 12 ሜትር የሚጠጋ ሲወርድ በነብራስካ የወረደው በአማካይ ከአንድ ሜትር አይበልጥም። በቴክሳስ ባለ መሬት ከመሬቱ በታች ያገኘውን ውሃ እንዳሻው የመሳብ መብት አለው የሚል ፍርድ በ1904 ዓ.ም. ተሰጥቶ ለብዙ ዘመን ጸንቶ ኖሯል። ይሁን እንጂ ልዩነቱን ሁሉ ለሕግ መስጠት ስሕተት ይሆናል። በነብራስካ የውሃው ክምችት ጥልቅ ነው፤ ሳንድ ሂልስ የሚባለው ሰፊው የአሸዋ ኮረብታ አገርም የዝናቡን ውሃ እየመጠጠ ወደ ታች ያሳልፋል። ተፈጥሮ ለአንዱ ብዙ፥ ለሌላው ጥቂት ሰጥታለች። ነገር ግን ብዙ የተሰጠውም ሰው ካልቈጠበ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው ይደርስበታል።

አሁን ደግሞ የጐደለውን መናገር ይገባል፤ የተሳካውን ብቻ የሚያወራ ምሳሌ ሹምን ያሳስታልና። የነብራስካ ሕግ ትልቁ ጐደሎ የወንዝን ውሃና የከርሠ ምድርን ውሃ በሁለት ዳኞች ሥር መተዉ ነበር። የወንዙ ውሃ የግዛቲቱ መሥሪያ ቤት፥ የጕድጓዱ ውሃ የወረዳዎቹ ሆነ። ውሃው ግን አንድ ነው፤ ከወንዝ ዳር የተቈፈረ ጕድጓድ ውሎ አድሮ የወንዙን ውሃ ይስባል። ይህ ስሕተት በሪፐብሊካን ወንዝ ላይ በግልጽ ታየ። በ1942 ዓ.ም. ሦስት ግዛቶች በወንዙ ውሃ ላይ ውል ተዋውለው ነበር፤ በውሉም ለነብራስካ ከመቶ 49፥ ለካንሳስ 40፥ ለኮሎራዶ 11 እጅ ተወሰነ። ጕድጓዶቹ ሲበዙ ወንዙ አነሰ፤ ከታች ያለችው ካንሳስም በ1998 ዓ.ም. ነብራስካን በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰሰች።

ሙግቱ በ2002 ዓ.ም. በስምምነት ቢያልቅም ነብራስካ ስምምነቱን ሙሉ በሙሉ ስላልፈጸመች ነገሩ እንደገና ተነሣ። በመጨረሻም በ2015 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ነብራስካ ለካንሳስ 5 ሚሊዮን ተኩል ዶላር እንድትከፍል ፈረደ፤ ከዚህም 3.7 ሚሊዮኑ የካንሳስ ጕዳት ካሳ፥ 1.8 ሚሊዮኑ ደግሞ ነብራስካ ከማይገባት ውሃ ያገኘችው ጥቅም መመለሻ ነው። ቀድሞ በሁለት የተከፈለውን ዳኝነት ለማገናኘት በ2004 ዓ.ም. ወረዳዎቹና የግዛቲቱ መሥሪያ ቤት ውሃው በሙሉ ወይም ከልክ በላይ በተደለደለበት ተፋሰስ አብረው ዕቅድ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ሕግ ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ሙግቱ ከጀመረ ከስድስት ዓመት በኋላ የመጣ ሕግ ነው። የወንዝና የጕድጓድ ውሃ አንድ መሆኑ አስቀድሞ ታስቦ ቢሆን ኖሮ ብዙ ወጪ በቀረ ነበር።

ሁለተኛው ጐደሎ የውሃው ንጽሕና ነው። ገበሬው ለበቆሎው የሚበትነው የናይትሮጅን ማዳበሪያ ከመጠን ሲያልፍ ከመስኖው ውሃ ጋራ ወደ ታች ይሰርጋል፤ በጕድጓድም ውሃ ውስጥ ናይትሬት ሆኖ ይገኛል። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ያለው ናይትሬት በናይትሮጅን ሲለካ ከ10 ሚሊግራም ካለፈ ለሕፃናት አደገኛ ስለ ሆነ ለመጠጥ የተፈቀደው ልክ ይህ ነው። የመካከለኛው ፕላት ወረዳ በ1987 ዓ.ም. በዚህ ነገር ላይ ደንብ አውጥቶ አፈሩና ውሃው እንዲመረመር፥ ማዳበሪያውም በልክና በጊዜው እንዲበተን ማዘዝ ጀመረ። ጥረቱ መልካም ነው፤ ሆኖም በነብራስካ ብዙ ጕድጓዶች እስከ ዛሬ ከዚህ መከራ አልዳኑም። በገበሬዎች የተመረጠ ጉባኤ በገበሬዎች ላይ ጥብቅ ደንብ ለማውጣት ሲያመነታ ይታያል፤ መጠጥ ውሃውን ከዚያው የሚቀዳው የከተማ ሰው ግን መጠበቅ አይችልም። የአገር ሰው አስተዳደር መልካም ነው ማለት የአገር ሰው ሁሉ ጊዜ ለራሱ ይፈርዳል ማለት አይደለም።

ከእነዚህ ጐደሎዎች ተነሥተው «እንግዲያውስ ሥልጣኑ ሁሉ በላይኛው መንግሥት እጅ ቢሆን ይሻል ነበር» የሚሉ አይጠፉም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የወንዙ ውሃ በላይኛው መሥሪያ ቤት እጅ ነበር፤ እርሱም ብቻውን ወንዙን ከማነስ አላዳነውም። በገዛ ጕድጓዳቸው ላይ መቍጠሪያ አስገብተው ድርሻቸውን የቀነሱት የበታቹ ጉባኤ ሰዎች ናቸው። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ፍርድ እንዲህ ነው፦ የውሃ ወሰን ውሃውን ይከተል፤ አስተዳዳሪው ውሃውን ከሚጠቀመው ሕዝብ መካከል ይሁን፤ የላይኛው መንግሥት ደግሞ ከወሰን ውጭ ያለው ጐረቤትና ጕድጓድ የሌለው ሰው እንዳይጐዱ በላይ ሆኖ ይጠብቅ። ሦስቱ ካልተባበሩ ሥራው ይጐድላል።

ይህ ሐሳብ ለኢትዮጵያ ገበሬ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የወንዝ ጠለፋ ባለበት በብዙ ቦታ ገበሬዎች «የውሃ አባት» መርጠው ተራ ያስጠብቃሉ፤ ቦይ የሚጠረግበትንም ቀን ይወስናሉ። የውሃ አባት የሚፈርደው በቦዩ ልክ ነው እንጂ በቀበሌው ወሰን ልክ አይደለም፤ ቦዩ ሁለት ቀበሌ ቢያቋርጥ የሁለቱንም ሰዎች ያዛል። ሚስተር ክሬመር በነብራስካ በሕግ ያደራጁት ነገር በጠባዩ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ልዩነቱ ስፋቱ፥ መዝገቡና የግብር ሥልጣኑ ነው። የውሃ አባት የሚያየው በቦይ የሚሄደውን ውሃ ነው፤ ሞተር ከመሬት ሥር የሚስበውን ውሃ ግን ዐይን አያየውም። ስለዚህ ሞተር በገባበት አገር የድሮው ጥበብ አዲስ መለኪያ ያስፈልገዋል።

የወረዳ ሹም ሕግ አውጪ አይደለም፤ ነገር ግን ሕግ እስኪወጣ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። በገዛ ሥልጣኑ ሊሠራቸው የሚችሉ ሥራዎች አሉ። በወረዳው ውስጥ የሚያልፈው ወንዝ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ፥ ከላይና ከታች የሚጠቀሙበት እነማን እንደ ሆኑ በካርታ ላይ ማስጻፍ ይችላል። ጕድጓዶችን፥ የባለቤቶቻቸውን ስም፥ ጥልቀታቸውንና የሞተሩን ኀይል መመዝገብ ይችላል። በተመረጡ ጕድጓዶች ውስጥ ውሃው ከምድር ፊት ስንት ሜትር ወርዶ እንደሚገኝ በበጋ መጨረሻና ከክረምት በኋላ በገመድ ለክቶ በየዓመቱ መጻፍ ይችላል፤ ይህ ልኬት ትንሽ ቢመስልም ከአሥር ዓመት በኋላ የሚነሣውን ጠብ ሁሉ የሚፈርደው እርሱ ነው። ከጐረቤት ወረዳ ሹም ጋራም ተስማምቶ የላይኛውንና የታችኛውን ገበሬ በአንድ ጥላ ሥር ማስቀመጥ ይችላል፤ ለዚህ ዐዋጅ አያስፈልግም።

አንዳንድ ሹም ወሰኑ ቢጠብ ወይም ሥራው ከሌላው ጋራ ቢዋሐድ ክብሩ የሚቀንስ ይመስለዋል። ከነብራስካ 154 ማኅበራት መሪዎች መካከል እንዲህ ያሰቡ አይጠፉም ይሆናል፤ ዛሬ ግን ስማቸውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ወንበራቸውን ያጡበት ሥራ ግን ከኀምሳ ዓመት በላይ ቆሞ ይታያል። በላይኛው ሪፐብሊካን አገር ያለ ገበሬ በየዓመቱ መቍጠሪያውን አንብቦ የቀዳውን ውሃ ያስመዘግባል፤ ጐረቤቱም እንዲሁ ያደርጋል፤ ሁለቱም መዝገቡን ያዩታል። የውሃ ሰላም የሚጀምረው ሁለቱ ሰዎች በአንድ ቍጥር ሲስማሙ ነው፤ ቍጥሩን የሚያስጽፈው ግን በቅርብ ያለው ሹም ነው።